መርገጥ መቻል መዳን ነውን? ስለ ቁርጭምጭሚት አጥንት ሞትና ስለ አጥንት ንቅለ ተከላ

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚሰበሰበውን ፈረሰኛ ያየ ሰው በቀላሉ አይረሳውም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዚያ ዕለት አባላቱን ከየወረዳው ያሰባስባል፤ ፈረሶቹ ተሸልመው ይወጣሉ፤ ሜዳው ገና ሳይታይ ኮቴው ይሰማል። በዓሉ የዓድዋን ዘማች ፈረሰኞች ከማስታወሱም በላይ ፈረስ ለአዊ ሕዝብ ምን እንደሆነ ያሳያል፤ ሙሽራ የሚታጀበው፣ ለቅሶ የሚደረሰው፣ ሩቅ ገበያ የሚወጣው በፈረስ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው ስለ ፈረሱ ውበት ለመጻፍ አይደለም። የምንጽፈው ስለ ፈረሰኛው እግር፣ ያውም በእግሩ ውስጥ ስላለች አንዲት ትንሽ አጥንት ነው።

ጉዳዩን ያነሣንበት ምክንያት አለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዳንግላ አካባቢ የመጣ አንድ የፊዚክስ ተማሪያችን በጥር ወር ቤተሰቡ ዘንድ ሄዶ ሳለ ከፈረስ ወድቆ ቁርጭምጭሚቱን ተጎዳ። የመንደሩ ወጌሻ አሸው፤ በቀርከሃ ስንጣሪም አሰረው። ከሁለት ወር በኋላ ያለ ምርኩዝ እየተራመደ ወደ ክፍል ተመለሰ። ትንሽ ሲያነክስ ባየነው ጊዜ እኛው ራሳችን «አይዞህ፤ ብዙ ተራመድበት፤ ይፍታታልሃል» አልነው። የመምህር ቃል ነውና ሰማን። ክረምቱ ሳይወጣ ደረጃ መውጣት አቃተው። በኋላ የተነሣውን የራጅ ፊልም ይዞ ቢሯችን ሲመጣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅንተን አየነው፤ አንዲቱ አጥንት ከጎረቤቶቿ ሁሉ ይልቅ ነጭ ሆና ታየችን። እኛም በፊዚክስ ሰው ድፍረት «ነጭ ከሆነችማ ጠንካራ ናት ማለት ነው» አልን። ተሳስተን ነበር። አጥንቷ ሞታ ነበር።

ይህች አጥንት በሕክምናው ቋንቋ ታለስ ትባላለች። ከቅልጥም አጥንት በታች፣ ከተረከዝ አጥንት በላይ ተቀምጣ የመላ አካላችንን ክብደት ከእግራችን ወደ ውስጥ እግራችን የምታስተላልፍ እርሷ ናት። ሁለት ነገሮች ከሌሎች አጥንቶች ይለይዋታል። አንደኛ፣ አንድም ጡንቻ አይያያዝባትም። ሁለተኛ፣ ከገጽታዋ ከግማሽ የሚበልጠው በልም አጥንት የተሸፈነ ነው። የደም ሥር በልም አጥንት በኩል ሊገባ ስለማይችል ምግብና ኦክስጅን የሚደርሳት በቀሩት ጠባብ ቦታዎች በኩል ብቻ ነው። በሮቿ ጥቂት ናቸው ማለት ነው። አንገቷ ላይ ስትሰበር ወይም ከቦታዋ ስትፈናቀል ከእነዚህ በሮች አብዛኞቹ በአንድ ጊዜ ሊዘጉ ይችላሉ።

የምትሸከመውን ጫና እናስላ። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ክብደቱ በግምት 700 ኒውተን ነው። ሲራመድ ግን የባት ጡንቻዎቹ ተረከዙን ወደ ላይ ስለሚስቡ በቁርጭምጭሚቱ መገጣጠሚያ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከክብደቱ አምስት እጥፍ ያህል ይደርሳል፤ ይኸውም 3500 ኒውተን ነው። መገናኛ ገጹ 10 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው ብንል ግፊቱ 3.5 ሚሊዮን ፓስካል ይሆናል። ይህ ከቤት መኪና ጎማ ግፊት ከ15 እጥፍ በላይ ነው። ራምሴይና ሃሚልተን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ጥናት ታለስ ወደ ውጭ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ብትንሸራተት መገናኛ ገጹ በ42 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ኃይሉ ሳይለወጥ ስፋቱ በዚህ መጠን ሲያንስ ግፊቱ ወደ 1.7 እጥፍ ያድጋል። ተማሪ ግፊት ማለት ኃይል ሲካፈል ለስፋት መሆኑን በትምህርት ቤት ይሸመድዳል፤ ቀመሩ በገዛ ቁርጭምጭሚቱ ውስጥ በየእርምጃው እንደሚሠራ ግን ማንም አይነግረውም። ይህ የእኛ የመምህራኑ ጥፋት ነው።

ወደ አወዳደቁ እንለፍ። ከፈረስ ጀርባ ላይ 1.5 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ መሬት የሚደርስ የ70 ኪሎ ሰው 1050 ጁል የሚሆን ጉልበት ይዞ ይወርዳል። ጉልበቱን አጥፎ በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ ቢቆም አማካዩ ኃይል 3500 ኒውተን ገደማ ነው። እግሩን አድርቆ በ3 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም ግን 35,000 ኒውተን ይሆናል። የፈረሱን ፍጥነት ገና አልቆጠርንም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የእግር ጣቶች ወደ ቅልጥም አቅጣጫ በኃይል ተገፍተው የታለስ አንገት ከቅልጥሙ አጥንት ግንባር ጋር ሲጋጭ ነው። ይህን ዓይነት ስብራት በሰፊው ያስታወቀው የፈረስ ሐኪም ሳይሆን የአውሮፕላን ሐኪም ነው። ሄንሪ ግሬም አንደርሰን የተባለው ብሪታኒያዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1919 ባሳተመው መጽሐፍ በአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላናቸው የተከሰከሰባቸውን የ18 አብራሪዎች ጉዳት ዘርዝሯል። አብራሪዎቹ በእግራቸው የሚረግጡት የመሪ ዘንግ በአደጋው ጊዜ ውስጥ እግራቸውን ወደ ላይ እየገፋ ታለስን ይሰብር ነበር። እርካብ ላይ የቆመ ፈረሰኛ ከፈረሱ ጋር አብሮ ሲወድቅ የሚደርስበት ከዚህ ብዙም አይለይም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ስብራት ነው። አስቸጋሪው ነገር ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። አጥንት ሲባል ብዙዎቻችን ድንጋይ መሰል ነገር ይታየናል፤ ነገር ግን አጥንት በውስጡ አፍራሽና ገንቢ ሕዋሳት ያለማቋረጥ የሚሠሩበት ሕያው አካል ነው። ደም ሲቋረጥ ሕዋሳቱ ይሞታሉ። ካልሲየሙና ቃጫው ግን በዚያው ቀን አይጠፉም፤ ስለዚህ የሞተው አጥንት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት እንደ ድሮው ክብደት ይሸከማል። ሕመሙም ሊጠፋ ይችላል። ነዋሪው የሞተበት ቤት ወዲያው አይፈርስምና። በመቀጠል ከአካባቢው አዳዲስ የደም ሥሮች ወደ ሞተው ክፍል መግባት ይጀምራሉ፤ ከእነርሱም ጋር በመጀመሪያ የሚደርሱት አፍራሾቹ ናቸው። አሮጌው ተፈልፍሎ አዲሱ ሳይተካ ባለው ጊዜ አጥንቱ ይደክማል። የሚያስገርመው እዚህ ላይ ነው፤ አጥንቷ የምትሰረጉደው በሞተችበት ቀን ሳይሆን መታደስ በጀመረችበት ጊዜ ነው። ተማሪያችንን «ብዙ ተራመድበት» ያልነው ልክ በዚያ ወቅት ነበር።

ነጭነቷንስ ምን አመጣው? እግር ታስሮ ሥራ ሲፈታ በሕይወት ያሉት አጥንቶች ካልሲየማቸውን በደም በኩል እያጡ ይሳሳሉ፤ ራጅም በቀላሉ ስለሚያልፋቸው በፊልሙ ላይ ጠቆር ይላሉ። የሞተችው አጥንት ግን ካልሲየሟን የሚወስድላት ደም ስለሌላት እንዳለች ትቀራለች። ስለዚህ የነጣችው እርሷ ሳትሆን የጠቆሩት ጎረቤቶቿ ናቸው። ሐኪሙ ሃውኪንስ እ.ኤ.አ. በ1970 ይህንኑ ነገር ገልብጦ ለበጎ ምልክትነት ተጠቀመበት። ከጉዳቱ በኋላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ በሚነሣ ራጅ ከታለስ ጉልላት ሥር ቀጭን ጥቁር መስመር ከታየ ደም እየደረሳት ነው ማለት ነው። ጥቁሩ መስመር የሕይወት ወሬ ነው። በዚያው ጥናቱ እንዳመለከተው የአጥንቷ አንገት ተሰንጥቆ ቦታውን ካልለቀቀ የሞት ምልክት አልታየም፤ ከታችኛው መገጣጠሚያ ሲፈናቀል ከ10 ሰዎች በአራቱ፣ ከላይኛውም ከታችኛውም ሲፈናቀል ከ10 በዘጠኙ ላይ አጥንቷ ሞታለች። የዛሬው ቀዶ ሕክምና እነዚህን ቁጥሮች ዝቅ አድርጓቸዋል፤ ቅደም ተከተላቸው ግን አልተለወጠም። ኤምአርአይ ደግሞ በመቅኔው ስብ ውስጥ ያሉትን የሃይድሮጅን ኒውክሊየሶች ስለሚያዳምጥ ሞቱን ከራጅ ቀድሞ ያሳያል። በነገራችን ላይ ለዚህ ሕመም የሚዳርገው መውደቅ ብቻ አይደለም። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶችን ለረጅም ጊዜ በብዛት መውሰድና አልኮል ማብዛትም ያመጡታል።

አሁን ወደ ንቅለ ተከላው እንምጣ። ቃሉ ከችግኝ ሥራ የተወሰደ መሆኑ ደስ ያሰኘናል፤ ምክንያቱም ነገሩን በትክክል ያስረዳል። በፋግታ ለኮማ ዲከረንስ የሚተክል ገበሬ ችግኝ ከነአፈሩ ሲዛወርና ሥሩ ተራቁቶ ሲዛወር ያለውን ልዩነት ያውቃል። በአጥንትም እንዲሁ ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት ሥሩ የተራቆተው ነው። ቀዶ ሐኪሙ የሞተውን ክፍል ደም የሚያዣ ጤነኛ አጥንት እስኪያገኝ ድረስ ይፈቀፍቃል፤ ከዚያም ከራሱ ከታካሚው የዳሌ አጥንት ጠርዝ ስፖንጅ መሰሉን አጥንት ወስዶ ክፍተቱን ይሞላል። ከተዛወሩት ሕዋሳት አብዛኞቹ ይሞታሉ። ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? ሐረግ የሚንጠላጠልበት የቀርከሃ ድጋፍ ሕይወት የለውም፤ ሐረጉ ግን ያለ እርሱ አይወጣም። አዲሶቹ የደም ሥሮችም በተተከለው አጥንት ቀዳዳዎች ውስጥ እየተሳቡ ይገባሉ። ከዚህም ሌላ አጥንቱ ጠሪ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ማርሻል ዩሪስት እ.ኤ.አ. በ1965 ካልሲየሙ ተሟጥጦ የወጣለት አጥንት እንኳ በጡንቻ ውስጥ ሲቀበር አዲስ አጥንት እንዲበቅል እንደሚያደርግ አሳየ፤ ይህን የሚያደርጉት ፕሮቲኖችም በኋላ ተለይተው ታወቁ።

ሁለተኛው ዓይነት ከነአፈሩ የሚዛወረው ነው። ከጉልበት በላይ ካለው የጭን አጥንት ጫፍ በውስጥ በኩል ትንሽ ቁራጭ ከነደም ወሳጁና ከነደም መላሹ ተቆርጦ ይወጣል፤ ከዚያም እነዚህ እጅግ ቀጫጭን የደም ሥሮች በማይክሮስኮፕ እየታዩ ከቁርጭምጭሚት ደም ሥሮች ጋር ይሰፋሉ። አጥንቱ በአዲሱ ቦታው ደሙን ይዞ ይቀጥላል። ሥራው ሰዓታት የሚወስድ፣ ልዩ ሥልጠናና መሣሪያ የሚጠይቅ ነው።

ሁለቱም መንገዶች በዋናነት የሚጠቅሙት አጥንቷ ሳትሰረጉድ ነው። ከተሰረጎደች በኋላ ብዙ ጊዜ የሚቀረው መገጣጠሚያውን ማጋጠም፣ ማለትም ሁለቱ አጥንቶች አንድ ሆነው እንዲበቅሉ ማድረግ ነው። ይህም ብዙ ጊዜ ንቅለ ተከላ ይጠይቃል። ብሌር የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 ከታካሚው ቅልጥም ፊት አንድ ጠፍጣፋ ቁራጭ ወደ ታች አንሸራትቶ በሕይወት ባለው የታለስ አንገት ውስጥ በመሰካት የሚሠራበትን ዘዴ አቅርቧል። በሽተኛው ያለ ሕመም ይራመዳል፤ ቁርጭምጭሚቱ ግን አይታጠፍም። ባለፉት ዓመታት ደግሞ በሦስት አቅጣጫ ማተሚያ የሚሠራ የብረት ታለስ መጥቷል፤ የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለጥቂት ሕመምተኞች እንዲውል እ.ኤ.አ. በ2021 ፈቅዶታል። ወጣት አንባቢዎቻችን በዚህ እንደሚደነቁ እናውቃለን፤ እኛም ተደንቀናል። ሆኖም ከዳሌ የሚፋቀው አጥንት ከየትም አገር የማይገዛ፣ ሰውነት ባዕድ ብሎ የማይገፋው፣ ቀረጥም የማይከፈልበት መሆኑ የበለጠ ሊያስደንቀን ይገባ ነበር።

የተተከለ አጥንትም ቢሆን ትዕግሥት ይጠይቃል። ኤኔኪንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1975 በውሾች ላይ ባደረጉት ጥናት የተተከለ ጠጣር አጥንት ከ6ኛው ሳምንት እስከ 6ኛው ወር ባለው ጊዜ ጥንካሬው ወደ ግማሽ ወርዶ ተገኝቷል፤ ምክንያቱ ቀደም ሲል ያየነው ነው፤ አፍራሹ ከገንቢው ይቀድማል። ስለዚህ ሐኪም «በ20 ኪሎ ብቻ ርገጥ» ሲል ቀልድ አይደለም። ችግሩ 20 ኪሎ ስንት እንደሆነ እግር አለማወቁ ነው። መፍትሔው ተራ የሰው ሚዛን ነው፤ በሽተኛው በክራንች ተደግፎ ሚዛኑን እየረገጠ መርፌው 20 ላይ ሲደርስ የሚሰማውን ይለምዳል። ይህን ከተማሪያችን ጋር በቤተ ሙከራችን ሞክረነው ነበር። በመጀመሪያው ቀን 20 ነው ብሎ የረገጠው 46 ሆኖ ተገኘ።

ፊዚክስ እዚህ ምን አገባው ለሚል ሰው አንድ ታሪክ እናስታውሰው። እ.ኤ.አ. በ1957 ኢይቺ ፉካዳ የተባለ ጃፓናዊ የፊዚክስ ሊቅና ኢዋዎ ያሱዳ የተባለ የአጥንት ሐኪም አብረው ሠርተው አጥንት ሲጨመቅ የኤሌክትሪክ ሙል እንደሚያመነጭ አሳዩ። ዛሬ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች አጥንት ጫና የሚሰማው በዋናነት በውስጡ ባለው ፈሳሽ እንቅስቃሴ ነው ይላሉ፤ እኛም ከእነርሱ ጋር ነን። የሁለቱ ሰዎች ሥራ ዋጋው ግን አልቀነሰም። አንዱ ሕመምተኛ ያያል፤ አንዱ ይለካል። በእኛ ግቢዎች የሳይንስ ፋኩልቲውና የሕክምና ትምህርት ቤቱ መምህራን የሚገናኙት በምረቃ ቀን ነው።

ስለ ወጌሻው የምንለው አለን። በተማረው ዘንድ ወጌሻን መዝለፍ ፋሽን ሆኗል። ጥብቅ እስር የደም ዝውውርን እያቋረጠ እግር እስከ ማስቆረጥ እንደሚያደርስ የአገራችን የአጥንት ሐኪሞች ደጋግመው ተናግረዋል፤ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ከፈረስ የወደቀውን ሰው በመጀመሪያው ሰዓት የሚያገኘው ወጌሻው ነው፤ ነገም እርሱ ነው። በእኛ አስተያየት እርሱን ከመንገዱ ማስወገድ ሳይሆን ላኪ ማድረግ ይሻላል። የአንዲት ነገር ዕውቀት ብቻ ይጨመርለት፤ ከፍታ ካለው ቦታ ወይም ከሚሮጥ ፈረስ ወድቆ ያበጠ ቁርጭምጭሚት አይታሽም፤ ሳይጠብቅ ተደግፎ ወደ እንጅባራ ወይም ወደ ዳንግላ ሆስፒታል ይላካል። ይህም በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአዊኛ ሊነገረው ይገባል።

የከተማው ሰው ስሕተት ደግሞ ሌላ ነው። አጥንቷ ከተሰረጎደች፣ ልጁ ከአልጋ ከዋለ በኋላ ዕድሩና ዘመዱ ተሰብስቦ ወደ ሕንድ ወይም ወደ ታይላንድ መላኪያ ገንዘብ ያዋጣል። ደግነቱን አንነቅፍም። ነገር ግን ያ ገንዘብ ያልቻለውን በጊዜው የተነሡ ሦስት ራጆች ይችሉት ነበር፤ አንዱ በወደቀበት ቀን፣ አንዱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ አንዱ በ6ኛው ወር። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን፣ በአዲስ አበባም ጥቁር አንበሳ የአጥንት ሐኪሞች አሉ። በማይክሮስኮፕ የሚሰፋውን ንቅለ ተከላ በየሆስፒታሉ ማግኘት አይቻልም፤ ከዳሌ አጥንት ወስዶ መትከልና በብሎን ማጋጠም ግን የአገራችን ሐኪሞች የሚያውቁት ሥራ ነው። ሐኪሙ የሚያጣው በሽተኛው በጊዜው መድረሱን ነው። በሽተኛው ደግሞ አይደርስም፤ ምክንያቱም ረግጦ ሲሄድ የዳነ ይመስለዋል፤ መምህሩም እንደ እኛ «ተራመድበት» ይለዋል።

ተማሪያችን በመጨረሻ የተደረገለት የማጋጠም ቀዶ ሕክምና ነው፤ አጥንቱ የተወሰደው ከገዛ ዳሌው ነበር፤ የተሠራለትም እዚሁ አገራችን ውስጥ ነው። ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምራል። ግፊት የሚለውን ምዕራፍ የሚጀምረው ካልሲውን ዝቅ አድርጎ ጠባሳውን በማሳየት እንደሆነ ነግሮናል። ጥር 23 ሲደርስም ፈረስ ላይ መውጣቱን አልተወም፤ ብቻ እርካቡን ረግጦ አይወጣም፤ ፈረሱን ከድንጋይ አጠገብ አቁሞ ነው የሚወጣው።